ጽዋ አይመለስም፣ ይዞራል እንጂ

እሑድ፣ ሰኔ 17 ቀን 1954፤ መሐል ሜዳ

ሂሳብ የማይጠየቅበት ምግብ ቤት አገኘሁ። ምግብ ቤት እንኳ አይባልም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ያለች፣ በጓሳ ሣር የተከደነች፣ ዙሪያዋን የድንጋይ መደብ ያላት ቤት ናት። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ሲያመራ እኔም ተከትዬ ገባሁ። አለቃዬ ከአዲስ አበባ ሲልከኝ ያዘዘኝ ይኸንኑ ነው፦ ባላገሩ የሚበላበት ገብተህ ብላ፣ የሚጠጣበት ገብተህ ጠጣ፣ ያየኸውን ጽፈህ አምጣ። ለሚመጣው በጋ የውጭ አገር ጎብኚዎችን ወደ ጓሳ ለማምጣት ታስቧል። ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን አይተው ሲጨርሱ ይርባቸዋል። ሲርባቸው የት ይግቡ? እንጀራዬ ይህን መመለስ ነው።

እስካሁን የቀመስኳቸው፦

የወይዘሮ አስካለ ጠላ ቤት። ደጁ ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ቆሟል። የማድረውም እዚያው ከጓዳው አጠገብ ባለች ክፍል ነው። የገብስ እንጀራ በሽሮ፤ የሰኔ ጾም ስለሆነ ሌላ አይጠየቅም። ጠላው ግሩም። ጭሱ ዓይን ያጠፋል።

ከገበያው በላይ ያለው ጠጅ ቤት። ማር ብቻ ነው ብለው ይምላሉ። እኔ አልምልም።

አረቄ ቤቱ። ጎብኚ ባይገባ ይሻላል፤ ከገባ አይወጣም።

አሁን ደግሞ ሰንበቴ። ድሬዳዋ ተወልጄ ባቡር ጣቢያ ሥር ያደግሁ ሰው ነኝና ሰንበቴን በስሙ እንጂ በቅርብ አላውቀውም ነበር። ድፎ ዳቦ ተባርኮ ተቆረሰ፤ የባቄላ ንፍሮ በሰፌድ ዞረ፤ ጠላው በዋንጫ ተቀዳ። ማን ነህ ያለኝ የለም። ጠጋ ጠጋ ብለው አስቀመጡኝ፤ ከአጠገቤ ጥቁር የለበሱ ሽማግሌ የራሳቸውን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። መጨረሻ ላይ መምሬ ጥላሁን የሚባሉት ቄስ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ጽዋ ይዘው መሐል ቆሙና አንድ ነገር ተናገሩ። ዳቦ እያኘክሁ ስለነበር አልሰማኋቸውም። ቤቱ ዝም አለ። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ዝምታው ረዘመ፤ እኔ ደግሞ ሰው ዝም ሲል አላስችል ይለኛል። ለእንግዳ የሚሰጥ ክብር መሰለኝ። ተነሣሁ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ተጎነጨሁ፣ ምን ይባላል ብዬ አሰብኩና «ለሳምንት ያድርሰን» አልኩ።

እልልታ ሆነ። ጥቁር የለበሱት ሽማግሌ አቅፈው ሳሙኝ። ጽዋውን ከነጨርቁ አስይዘው ሸኙኝ። እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ አገር አላየሁም። ለባለቤቴ ለአልማዝ ወስጄ አሳያታለሁ። ሆዷ ገፍቷል፣ ወሯ ገብቷል፤ ጉለሌ አክስቷ ዘንድ ትቻት ነው የመጣሁ። ሐሙስ የጭነት መኪና አለ፤ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው የሚወጣ የመጨረሻው ነው ይላሉ። ሐሙስ መንገድ፣ ዓርብ ቤቴ። ደህና ሳምንት ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 18

ስጦታ አይደለም።

ጠዋት ወይዘሮ አስካለ «እንዴት አደርክ?» አሉኝ። እስከ ትናንት «እንዴት አደሩ» ነበርኩ። የመንግሥት ሰው፣ ያውም ከአዲስ አበባ የመጣ! ትንሽ ቆረቆረኝ፤ በዕድሜ እናቴ ስለሚሆኑ ዋጥ አደረግሁት። ቀጥለው ጌሾ እንዳለኝ ጠየቁኝ። የምን ጌሾ?

«ለእሑዱ ጠላህ ነዋ» አሉ።

ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ጽዋ የተቀበለ ሰው የሚቀጥለው እሑድ ተረኛ ነው። ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይደፋል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፤ ማኅበርተኛውንም ደጅ ያሉትን ነዳያንም ያበላል። የዚህ ሳምንት ተረኛ እኒያ ጥቁር የለበሱት ሽማግሌ ነበሩ። ልጃቸው ሞቶባቸው ገና ከሐዘን አልወጡም። መምሬ ትናንት መሐል ቆመው ያሉት «ስለሳቸው የሚነሣ ማነው?» ነው። የክረምት መግቢያ ነው፣ የሁሉም ጎተራ ተሟጧል፣ ሁሉም አቀረቀረ። ተነሣሁ እኔ።

እንግዳ መሆኔን ታውቁ የለም ወይ አልኳቸው።

«እንግዳማ ‹ያድርሳችሁ› ብሎ ይቀመጣል። አንተ ‹ያድርሰን› አልክ። ‹ን› ያልከው አንተው ነህ፤ ማን አስገደደህ?»

በአንዲት «ን» ገባሁ።

ጽዋውን ይዤ ወደ መምሬ ጥላሁን ቤት ሮጥኩ። የሰንበቴው ሙሴ እሳቸው ናቸው፤ የማኅበር አለቃ እዚህ ሙሴ ነው የሚባለው። አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው። ስህተት መሆኑን፣ ሐሙስ መሄዴን፣ ባለቤቴ ልትወልድ መቃረቧን ነገርኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝ። ጽዋውን ስዘረጋላቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ጽዋ አይመለስም ልጄ፤ ይዞራል እንጂ። እሑድ አውጣና በደስታ ሂድ።»

እሑድ መኪና የለማ! ሐሙስ ካመለጠኝ እስከ መስከረም እዚሁ ነኝ።

አንድ እንጨት አነሡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ጽዋ ጥሎ የሄደን ሰው ጽዋው ይከተለዋል ይባላል አሉኝ። እኔ አላልኩም፣ ሲባል ሰምቼ ነው አሉ። ቀጥለው ስሜን ጠየቁኝ። በፈቃዱ አልኳቸው። እንጨቱን ጥለው ሳቁ፤ ሳቃቸው አላልቅ አለ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ «ይከተለዋል» ይከተለኝ ነበር። የተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲያወራ ስቄ አውቃለሁ። ግን ምጥ ላይ የምትቀመጠው አልማዝ ናት፣ እኔ አይደለሁም። በራሴ ነፍስ እወራረድ ይሆናል፤ በእሷ እንዴት አድርጌ?

ለማንኛውም ብዬ ወይዘሮ አስካለን ጠላ እንዲሸጡልኝ ለመንኳቸው። ተቆጡ። የተሸጠ ጠላ ለሰንበቴ አይገባም፤ በተረኛው ስም መጠንሰስ አለበት። ጌሾውን ከራሳቸው አውጥተው አስወቀጡ፣ ጋኑን በግራዋ አጠቡ፣ በወይራ አጠኑ፣ የተወቀጠውን አንድ እፍኝ በእጄ እንድጨምር አደረጉኝ። ጨመርኩ። ሐሙስ እሄዳለሁ ብዬ በልቤ እያልኩ ጨመርኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 19

ጽዋዬን የሚወስድልኝ ሰው ስፈልግ ዋልኩ። አንዱ ሚስቱ አራስ ናት። አንዱ ብቅል የለውም። አንዱ «አንተ ጀምረኸው?» ብሎ በመገረም አየኝ። ሁሉም አንተ ይሉኛል። ከእሑድ በፊት ደንገጥ ብለው ይነሡልኝ የነበሩ ሰዎች አሁን ትከሻዬን ቸብ እያደረጉ «ተረኛው! ጥንስሱ እንዴት ነው?» ይላሉ።

እንግዲያው ሥራዬን ልሥራ ብዬ ጠጅ ቤት ገባሁ። ጠጁን ዳግመኛ ሳልቀምስ ልጽፈው አልወደድኩም። ባለቤቱ ብርሌውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ጽዋ ቤትህ እያለ ጠጅ አልቀዳልህም አለኝ። ጽዋ ያለበት ቤት ስካር የለም፣ ስድብ የለም፣ ጠብ የለም፤ የሚያውቀው ሁሉ ያውቀዋል። አረቄ ቤት ሄድኩ። ሴትዮዋ ገና ከደጅ ስታየኝ ጠርሙሱን ከነጠላዋ ሥር ደበቀችው።

ባላገሩ የሚጠጣበት ጠጣ አሉኝ። ባላገር ሆንኩና ከለከሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጣለ። የወይዘሮ አስካለን ቆሎ ይዤ ክፍሌ ገባሁ። ጽዋው ከራስጌዬ መደርደሪያ ላይ ነው። ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ፤ ጀርባዬን የሚያየኝ መሰለኝ። ስነሣ ራሴን ከማገሩ ጋር አጋጨሁት፤ የድሬዳዋን ስድብ ሁሉ አፌ ላይ አመጣሁና ጽዋው ትዝ አለኝ። ዋጥኩት። ስድብ መዋጥ ከግጭቱ የባሰ ያማል።

አንድ ነገር ብቻ ደስ አለኝ። የገብስ እንጀራን እንዴት እንደሚያጥፉት ተማርኩ፤ እንደ ጤፍ አይደለም፣ ጎትተህ ከቆረስከው እጅህ ላይ ይቀራል። ለጎብኚዎቹ እጽፈዋለሁ። ከዚህ ከወጣሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 20

መኪናው ደረሰ! ሹፌሩ ተሰማ ይባላል፤ መሐል ሜዳ ተወልዶ ያደገ፣ ጎማው ላይ ቆሞ የሚያወራ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ስመጣ ያመጣኝም እሱ ነው። ያኔ «ጌታዬ ይውጡ፣ ጌታዬ ይደገፉ» ሲለኝ ነበር።

ዘዴዬ ይህ ነበር። ጽዋውን ክፍሌ ትቼ፣ ነገ ማለዳ ሳይታወቅ ከከተማው ውጭ ያለችው ድልድይ ዘንድ ሄጄ እቆማለሁ፤ ተሰማ ሲያልፍ ያነሣኛል። ከወይዘሮ አስካለ ደጅ ሽሮውን ሲጨርስ ጠብቄ ወደ ጎን ወሰድኩትና ነገርኩት።

«እኔ ጽዋ የያዘ ሰው ጭኜ ያንን ቁልቁለት አልወርድም» አለ።

ይዤው አልሄድም፣ እዚሁ ትቼው ነው የምሄድ አልኩት።

«ያማ ባሰ።»

ለመንኩት። የአልማዝን ነገር አነሣሁበት። ፊቱ ልውጥ አለ፤ የአራት ልጆች አባት ነው። ግን ራሱን ነቀነቀ። ፍሬኑን እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ግማሹን በእግሬ ግማሹን በእግዜር ነው የምይዘው አለኝ። በጎች ተጭነዋል፣ ሴቶች አሉ፣ ሕፃናት አሉ። ማኅበርተኛ መሆኑንም ያን ጊዜ ነገረኝ።

በቅሎ ተከራይቼ በጣርማ በር ልውጣ ብዬ አሰብኩ። በቅሎ የሚያከራየው ማነው? ማኅበርተኛ ነው። በእግሬ ልሂድ ብዬ እስከ ከተማው ጫፍ ድረስ ሄድኩ። ጉሙ ወርዶ መንገዱን በልቶታል፤ ከፊቴ ያለች በግ እንኳ ድምፅዋ እንጂ መልኳ አይታይም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ልቤ ፈራ። ማንም አላሰረኝም፣ ዘበኛ አላቆሙብኝም፣ ሁሉም ፈገግ እያለ ነው የሚያየኝ፤ መውጫው ግን የለም። እንዲህ ያለ እስር ቤት ሰምቼ አላውቅም።

ስመለስ ወይዘሮ አስካለ የት ነበርክ አላሉኝም። ንፍሮ ሰጡኝና ቂጣ ጠፍጥፈው ጋገሩ፤ ቆራርሰው ከብቅሉ ጋር ጥንስሱ ውስጥ ጨመሩት። ጋኑ ነገር ዓለሙን የተወ ይመስላል። ምንም አይልም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 21፤ ማርያም

ሄደ።

ተሰማ ማርያምን ተሳልሞ፣ ጠበል ቀምሶ ተነሣ። ሳይሄድ አንድ ነገር አደራ አልኩት። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ስልክ ካለበት ገብቶ፣ ጉለሌ ከአክስቷ ቤት ጎን ያለው ባለሱቅ ዘንድ ይደውልና አልማዝን ያስጠራልኝ። ምን ልበላት አለኝ። ጽዋ ተቀብዬ እሑድ ሳላወጣ መነሣት እንዳልቻልኩ በላት አልኩት። ስናገረው ለራሴም ዕብደት መሰለኝ። ሌላ የምላት ነገር ግን አልመጣልኝም።

ዝናቡ ከታገሠ አንድ ጊዜ ልመለስ እሞክራለሁ አለ። ካልታገሠ መስከረም ጠባ ማለት ነው።

የመኪናውን ድምፅ ጉሙ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ አላወቅሁም። ጠጅ ቤት አልገባ፣ አረቄ ቤት አልገባ። ምድጃ ዳር ሄጄ ከወይዘሮ አስካለ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጠጪዎች ከሚቀመጡበት መደብ ሳይሆን ከጓዳው በር ካለችው ትንሽ በርጩማ ላይ። ከሰኞ ወዲህ ቦታዬ እሷ ሆናለች።

ለጠላው የሚገባውን የገብስ ዱቄት፣ አሻሮውን፣ ሲያምሱ የሚስቴን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የክርስትና ስሟንም ጠየቁ። ያንንም ነገርኳቸው። ከዚያ ሲያምሱ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ዱቄቱ ተደፈደፈ። ችግሩ ብርዱ ነው አሉ። ቆላ ቢሆን በዚህ ቀን ይፈላ ነበር፤ የመንዝ ብርድ ግን ጥንስስ ያስተኛል። ጋኑን ዝተት አለበሱት። አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ባናዬን አውጥቼ ሰጠሁ፤ ጓሳ ስወጣ የገዛሁት ወፍራም የሱፍ ልብስ ነው። ጋኑ ባናዬን ለብሶ እኔ በኮቴ ልተኛ ነው። ለአንድ ጋን ብዬ ጉንፋን ሊይዘኝ ነው። አለቃዬ ቢያየኝ!

ዓርብ፣ ሰኔ 22

ጋኑ ዝም ብሏል። ክዳኑን አንሥቼ አየሁ፤ ወይዘሮ አስካለ እጄን መቱኝ። አፉ በተከፈተ ቁጥር ይቀዘቅዛል አሉ። ካልፈላስ? ካልፈላ የሆነውን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ሰዉም ይጠጣል፤ ግን እንደ ውሃ ጠላ የቀረበለት ሰንበቴ ለልጅ ልጅ ይወራል አሉኝ። እንቅልፍ የሚሰጥ ንግግር ነው!

መምሬ ጥላሁን ጥንስሱን ሊያዩ መጡ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም፣ ባዶ ሆዳቸውን ነው ያን ዳገት የወጡት። ጆሯቸውን ጋኑ ላይ ጣል አድርገው ቆዩ። ምን ይላል አልኳቸው። እያሰበ ነው አሉ።

ከዚያ አወጣጡን አስተማሩኝ። እሑድ መጨረሻ ላይ ሌላ ተረኛ ጽዋውን ከእጄ ሲቀበል «ለሳምንት ያድርሰን» ይላል። ያን ጊዜ እኔ «ያድርሳችሁ» ማለት አለብኝ።

«‹ችሁ› ስትል ወጣህ። ‹ን› ካልክ ግን ልጄ፣ እኔም አላስጥልህም።»

ክፍሌ ገብቼ ስለማመድ ዋልኩ። ያድርሳችሁ። ያድርሳችሁ። ከጽዋው ፊት ቆሜ እንደ ቆሎ ተማሪ። ምላሴ ደግሞ ከልጅነቱ የለመደው «ያድርሰን» ነው፤ ለዓመት በዓሉም ለልደቱም እሱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

መምሬ ሳይሄዱ፣ ጎብኚዎቹ ሰንበቴ ቢገቡ ቅር ይላችሁ እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። ይምጡ አሉ። ይብሉ ይጠጡ፣ ከሰንበቴ ማን ይከለከላል? ጽዋው ሲመጣ ግን አርፈው እንዲቀመጡ ንገራቸው አሉ። እየሳቁ ዳገቱን ወረዱ።

እኔን ግን አላሳቀኝም። ከምሳ በኋላ ከጓሳ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ። ተሰማ አይመለስም። አሁን አልማዝ ምን እያደረገች ይሆን? ሴት ልጅ ሲጨንቃት ባሏን ትጠራለች ይላሉ። ብትጠራኝ የት ነኝ? መንዝ ጋን እጠብቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 23

ጋኑ ተናገረ!

ጎህ ሲቀድ ወይዘሮ አስካለ በሬን ደበደቡ። ከአልማዝ ክፉ ወሬ የመጣ መስሎኝ በርግጌ ወጣሁ። እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝና ጆሮዬን ጋኑ ላይ አስደገፉኝ። ፍልቅ፣ ፍልቅ፣ ፍልቅ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ጭሱ ነው አልኩ። አይ ጭሱ አሉ እሳቸውም።

የሰፈሩ ሴቶች ዱቄት ዱቄታቸውን ይዘው መጡ። ማን ጠራቸው? ማንም። ተረኛው ወንደላጤ ነውና እናግዘው ተባባሉ፤ ወንደላጤ አይደለሁም ብል የሚሰማ የለም። ዳቦው ተቦካ፣ ባቄላው ተዘፈዘፈ። እኔ ውሃ ቀዳሁ። እንስራ በጀርባዬ አዝዬ ከምንጩ ስመጣ ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ሊያየኝ ወጣ። ይሳቁ። ውሃው ደረሰ።

ዝናብ አልጣለም። ደመናው መጥቶ ይቆማል፣ ይሄዳል።

ከሰዓት በኋላ የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ። የሰማሁት በምኞቴ ነው ብዬ ነበር። ሮጥኩ። ተሰማ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ከጋቢናው ወረደ። ሁለት ቦታ ተተክሎ በአካፋ ቆፍሮ ነው የመጣው። ምንም ሳልጠይቀው፣ ደህና ናት አለኝ። አልወለደችም። በራሷ ድምፅ ነው ያናገረችው።

ምን አለች አልኩት።

«‹ጽዋውን ሳያወጣ ድርሽ እንዳይል› ብላሃለች። ሴትዮዋ ከኛ ሰፈር ናት እንዴ?»

ከሰኞ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። እኔ ለእሷ ስፈራ፣ እሷም ለካ ለራሷ ፈርታለች። ወይም አውቃኛለች።

ተሰማ የሚነሣው ሰኞ ማለዳ ነው፤ እሑድ ሌሊት ካልዘነበ። ከዘነበ መኪናውም እሱም እዚሁ ይከርማሉ። ጽዋው ከወጣልኝ ጋቢና ውስጥ ሊያስቀምጠኝ ቃል ገባ።

እሑድ፣ ሰኔ 24

ወጣሁ። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ተባረከ። ተረኛ አይቀመጥም፤ ማድጋውን ይዤ ከመደብ መደብ እየዞርኩ ቀዳሁ። መጀመሪያ ለመምሬ ጥላሁን። ተጎነጩ፤ አፋቸው ውስጥ አቆዩት፤ ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። «ቀጠን ብሏል» አሉ በመጨረሻ። «ለድሬዳዋ ሰው ደህና ነው።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እያንዳንዱ ሲጠጣ «ይቅናህ፣ በሰላም ያዋልድልህ» ይላል። ያዋልድልህ! ወይዘሮ አስካለ ለሁሉም ነግረዋል።

ጥቁር የለበሱት ሽማግሌ ጥግ ላይ ነበሩ። ከልጃቸው ሞት ወዲህ ጠላ አልቀመሱም አሉኝ። ቀዳሁላቸው። ዋንጫውን ይዘው ብዙ ቆዩና ጠጡት፤ ከዚያ ዋንጫውን ደግመው ዘረጉልኝ። እስከ አፉ ሞላሁላቸው። ይህችን አንዷን ነገር ለማየት ሳምንቱን መቆየቴ ደግ ሆነ ብዬ አሰብኩ፤ አስቤ ደግሞ በራሴ ተገረምኩ።

መጨረሻ ላይ ጽዋውን ይዤ መሐል ቆምኩ። መምሬ ተረኛ ማነው አሉ። እንደ ባለፈው ዝም ይባላል ብዬ ስፈራ ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ። ከእጄ ተቀበሉ፣ ተጎነጩ፣ «ለሳምንት ያድርሰን» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መምሬ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያዩኛል።

ምላሴ ላይ «ን» ነበረች። እውነቱን ልናገር፣ ስህተት ሆና አይደለም የመጣችው። አልማዝን አሰብኩ፣ ጥርሴን ነከስኩ።

«ያድርሳችሁ» አልኩ።

«አሜን» አሉ። ለራሳቸው ነው፤ እኔ የለሁበትም።

አሁን ጀምበር ልትጠልቅ ነው። ደመናው በጓሳ በኩል ጠቁሯል፤ ነፋሱ ወዲያ ይግፋው ወዲህ ያምጣው ማንም አያውቅም። ተሰማ ደጅ ቆሞ ሰማዩን እያየ ጎማውን በእግሩ ይመታል። ሻንጣዬ ተዘግቷል። ባናዬን ጋኑ ላይ ተውኩት፤ ለወይዘሮ አስካለ ተራ ይሁናቸው። ለመሥሪያ ቤቱ ስለ ሰንበቴ ምን እንደምጽፍ ገና አላውቅም። ምናልባት አልጽፍም።

ቅድም ጠላ ቤቱ ገብቼ ከጓዳው በር ያለችው በርጩማ ላይ ልቀመጥ ስል ወይዘሮ አስካለ ቀደሙኝ። ጽዋው በቀይ ጨርቁ ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ከበሩ አጠገብ ያለውን የእንግዳ መደብ በነጠላቸው ጫፍ ጠራረጉ፤ አጎዛ አነጠፉበት።

«እዚህ ይቀመጡ» አሉኝ። «ምን ልቅዳልዎ?»

መንገደኛ ደስ ብሎት እንዲሄድ የሚያደርጉት ነው፤ ክፋት የለበትም። ድምፃቸውም ያው የወትሮው ነበር። ሄጄ አጎዛው ላይ ተቀመጥኩ። ጠላ አልኩ። ከራሴ ጋን የተረፈውን ቀዱልኝ።